ርቀት የበላው ጦር፦ ጀርመን በሩሲያ ምድር የተሸነፈችበት ሒሳብ

ሰኔ 15 ቀን 1933 ዓ.ም. ዕለቱ እሑድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ገና ሰባት ሳምንት አልሞላቸውም። ጅማ ከጣሊያን እጅ የወጣችው በዋዜማው ነው። ጎንደር ግን ገና አልተለቀቀችም። አገራችን የአምስት ዓመቱን መከራ ልትገላገል ጥቂት ሲቀራት፣ እዚያ ማዶ አውሮፓ ውስጥ የሰው ልጅ አይቶት የማያውቅ ጦርነት ሊጀመር ነበር። ንጋት ላይ፣ ከባልቲክ ባሕር እስከ ጥቁር ባሕር በተዘረጋው ድንበር፣ ከሦስት ሚሊዮን በላይ የጀርመንና የአጋሮቿ ወታደር ወደ ሶቪየት ኅብረት ገባ።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጁን 22 ቀን 1941 መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ ያሉትን ቀኖች በሙሉ በእነሱው አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ እንዳትደናገሩ።

ስለዚህ ጦርነት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ጀርመንን ያሸነፋት ብርዱ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው የስታሊንግራድ ጀግንነት ነው። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። ግን ሁለቱም ከጀርባቸው አንድ ነገር ይሸፍናሉ። የሞስኮ መንገድ እንደማያዋጣ በረዶ ከመጣሉ በፊት፣ እንዲያውም አንድ ጥይት ከመተኮሱ በፊት፣ ወረቀት ላይ ተሰልቶ ነበር። ያሰሉትም ጠላቶቿ ሳይሆኑ የራሷ የጀርመን መኮንኖች ናቸው።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ስለዚያ ስሌት ነው። ማን እንዳወቀው፣ ማን ዝም እንዳለ፣ በመጨረሻም ዕዳውን ማን እንደከፈለ።

■ ዕቅዱ

ሂትለር ወረራው እንዲዘጋጅ ያዘዘበትን መመሪያ ቁጥር 21 የፈረመው ዲሴምበር 18 ቀን 1940 ነው። የዘመቻው ስም ባርባሮሳ ተባለ።

ዕቅዱ ሲነበብ ያምራል። የሰሜኑ የጦር ቡድን በፎን ሌብ እየተመራ ወደ ሌኒንግራድ ይሄዳል። የመካከለኛው በፎን ቦክ እየተመራ በሚንስክና በስሞሌንስክ አድርጎ የሞስኮን አቅጣጫ ይይዛል። የደቡቡ ደግሞ በፎን ሩንድሽቴት እየተመራ ወደ ኪየቭ። የመጨረሻው ግብ ከአርካንጌልስክ እስከ አስትራካን የሚዘረጋ መስመር ነው። እስቲ ካርታ አውጡና ተመልከቱት። አንዷ በስተሰሜን ጫፍ ነጭ ባሕር ላይ ያለች ወደብ ነች። ሌላዋ ቮልጋ ወንዝ ካስፒያን ባሕር የሚገባባት ከተማ ነች። ይህ ሁሉ ክረምት ሳይገባ፣ በጥቂት ወራት ሊያልቅ ነው የታሰበው።

ካርታው ላይ ሌላም ነገር ታያላችሁ። የሶቪየት ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንደ ጥሩምባ አፍ እየሰፋ ይሄዳል። አጥቂው ወደፊት በገፋ ቁጥር ግንባሩ ይለጠጣል። ሰሜን ላይ የፊንላንድ ግንባር ሲጨመርበት ደግሞ ከባሬንትስ ባሕር እስከ ጥቁር ባሕር ወደ 2,900 ኪ.ሜ. ገደማ ይደርሳል። ወታደሩ ግን አይሰፋም፤ እንዲያውም በየቀኑ ይቀንሳል። በድንበሩ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የቆመው ጦር አምስት መቶ ኪ.ሜ. ከገባ በኋላ ሳስቶ ይታያል፤ ሺህ ኪ.ሜ. ከገባ በኋላ ደግሞ በአንዱና በሌላው ክፍለ ጦር መካከል ማንም የማይጠብቀው ሜዳ አለ።

አንድ የተለመደ ስሕተትም ላርም። በፊልም የምናየው የጀርመን ጦር ሁሉም በታንክና በመኪና የሚበር ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ወደ ሩሲያ የዘመተው ሠራዊት ከ600 ሺህ በላይ ፈረስ ይዞ ነበር። መድፉን የሚጎትተውም፣ የእግረኛውን ስንቅ የሚጭነውም በአብዛኛው ፈረስ ነው። በታንክና በመኪና የሚንቀሳቀሰው ክፍል ከሠራዊቱ ትንሹ ነው። የቀረው ወታደር የናፖሊዮን ወታደር እንደሄደው በእግሩ ነው የሄደው።

■ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ።

የጀርመን የምድር ጦር የስንቅና ትጥቅ ኃላፊ ጄኔራል ኤድዋርድ ቫግነር ይባላል። በ1940 መገባደጃ ላይ ያለውን መኪና፣ ነዳጅና ጎማ ቆጥሮ ለአለቆቹ ያቀረበው መልስ ቁርጥ ያለ ነበር። በመኪና ስንቅ ማድረስ የሚቻለው ከድንበር እስከ 500 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ለእኛ አገር ሰው ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር እንደማለት ነው። ከድንበሯ ከተማ ከብሬስት እስከ ሞስኮ ግን ከሺህ ኪ.ሜ. በላይ ነው፤ ባሕር ዳር ደርሶ መልስ በሉት።

ሁለተኛው ሰው ጄኔራል ፍሪድሪኽ ፓውሉስ ነው። ስሙን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። በዚያው በ1940 መጨረሻ ላይ ፓውሉስ ዘመቻውን በጠረጴዛ ላይ በካርታ እንዲያስፈትን ታዘዘ። ውጤቱ ደስ የሚል አልነበረም። ጦሩ የዲኔፐርን ወንዝ አልፎ ግንባሩ መስፋት ሲጀምር ያለው ኃይል አይበቃም።

ሦስተኛው የጦርነቱን ኢኮኖሚ የሚከታተለው ጄኔራል ጌዮርግ ቶማስ ነው። እሱም ስለ ነዳጅና ስለ ጎማ እጥረት አስጠንቅቋል።

ታዲያ ምን ተደረገ? ዕቅዱ ተሰረዘ? አልተሰረዘም። የሆነው ነገር ከዚያ የባሰ ነው። አቅማቸው 500 ኪ.ሜ. ስለሆነ ጠላትም በ500 ኪ.ሜ. ውስጥ እንዲያልቅ ወሰኑለት! ቀይ ጦር ከዲኔፐርና ከዲቪና ወንዞች ወዲህ ተከቦ ይደመሰሳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሰልፍ እንጂ ውጊያ አይደለም ተባለ። ስሌቱ ዕቅዱን ማረም ሲገባው፣ ዕቅዱ ስሌቱን አረመው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብትሉ ምክንያቱ ብዙ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ፈረንሳይን በስድስት ሳምንት አንበርክከዋል፤ ድሉ አስክሯቸዋል። ስታሊን በ1937 እና በ1938 የገዛ ጦሩን አዛዦች ፈጅቷል፤ ከአምስቱ ማርሻሎች ሦስቱ ጠፍተዋል። በ1939 እና በ1940 ክረምት ደግሞ ቀይ ጦር ትንሿን ፊንላንድን ለመግፋት ሲንገዳገድ ዓለም አይቷል። ከሁሉም በላይ ግን ንቀት ነበር። የስላቭ ሕዝብን ከሰው በታች አድርጎ የሚቆጥር አስተሳሰብ፣ ያ ሕዝብ ቤቱ ሲቃጠል ምን ያህል ሊዋጋ እንደሚችል መገመት አይችልም። እኛ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገንም።

ጄኔራሎቹ ሆዳቸው እያወቀ ዝም አሉ። ከዝምታውም አልፈው ብዙዎቹ ራሳቸውን አሳመኑ።

■ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር

ከመኪና ውጭ መፍትሔ የለም ወይ ቢባል ባቡር አለ። አንድ ባቡር የሚጭነውን ለመጫን የመኪና ሠራዊት ያስፈልጋል። ግን እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል ነገር መጣች። የአውሮፓ ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1,435 ሚ.ሜ. ነው። የሩሲያው 1,524 ሚ.ሜ. ነበር። ልዩነቱ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ግን የጀርመን ባቡር የሩሲያ ሐዲድ ላይ አይሄድም።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አሮጌው የጅቡቲ ባቡር ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፣ አዲሱ 1,435 ሚ.ሜ. ነው። አንዱ በሌላው ላይ እንደማይሄድ እናውቃለን።

ስለዚህ የጀርመን መሐንዲሶች ከጦሩ ኋላ ኋላ እየተከተሉ በሺህ የሚቆጠር ኪ.ሜ. ሐዲድ እየነቀሉ ማጥበብ ነበረባቸው። ሐዲዱን ማጥበብ እንኳ ቀላሉ ነው። ሩሲያውያን ሲያፈገፍጉ የውኃ ማማውን፣ የጥገና ቤቱንና ድልድዩን እያፈነዱ ነው የሄዱት። በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ደግሞ በየተወሰነ ርቀት ውኃ ካልጠጣ አይንቀሳቀስም። ሐዲዱ የቆመበት ቦታና ጦሩ የደረሰበት ቦታ በየቀኑ ተራራቁ። በመሐል ያለውን ባዶ የሚሞላው መኪና ነው። መኪናው ከመላው አውሮፓ የተዘረፈና የተሰበሰበ፣ የፈረንሳይ፣ የቼክ፣ የጀርመን ድብልቅ ነበር። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። አቧራው ሞተሩን ይበላል። መንገዱ ሲረዝም ደግሞ ነዳጅ የጫነው መኪና ራሱ የጫነውን ነዳጅ እየጠጣ ይሄዳል።

ርቀት ጦር የሚበላው እንዲህ ነው። በጥይት አይደለም።

■ እያሸነፉ መሸነፍ

የሚገርመው፣ በጦር ሜዳ ጀርመኖች እያሸነፉ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከሺህ በላይ የሶቪየት አውሮፕላን ወደመ፤ አብዛኛው ሳይነሳ መሬት ላይ እንደቆመ ነው የተመታው። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሚንስክ ተያዘች። የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ፍራንዝ ሃልደር ጁላይ 3 ቀን በማስታወሻው ላይ ዘመቻው በሁለት ሳምንት ውስጥ ድል ተደርጓል ቢባል ማጋነን አይሆንም የሚል ሐሳብ አሰፈረ።

ያው ሰው፣ በዚያው ማስታወሻ፣ ከስድስት ሳምንት በታች ቆይቶ ኦገስት 11 ቀን ሌላ ነገር ጻፈ። ሩሲያን አሳንሰን ገምተናል አለ። ጦርነቱ ሲጀመር 200 ገደማ የጠላት ክፍለ ጦር ይኖራል ብለን ነበር፣ አሁን 360 ቆጥረናል። ደርዘኑን ስንደመስስ ሌላ ደርዘን ይተካሉ። ቃሉ በቃሉ አይደለም፤ መንፈሱ ግን ይኸው ነው።

በእርግጥም ሶቪየት ኅብረት የሚጠባበቅ ሚሊዮን ተጠባባቂ ነበራት። ሌላም ነገር አደረገች። ከጁላይ እስከ ኖቬምበር 1941 ድረስ ከ1,500 በላይ ትልልቅ ፋብሪካዎችን ነቅላ፣ ማሽኑን ከነሠራተኛው በባቡር ጭና ወደ ኡራልና ከዚያም ወዲያ ወሰደች። አንዳንዱ ፋብሪካ ጣሪያው ሳይሠራ በብርድ ላይ ማምረት ጀመረ። ርቀት ለአንዱ መርዝ ሲሆን ለሌላው መጠለያ ሆነ።

ጀርመኖች በስሞሌንስክ አካባቢ ቆሙ። ነዳጁም፣ ጥይቱም፣ ሰውም ሳሳ። ልብ በሉ፤ ስሞሌንስክ ከድንበሩ ከ500 ኪ.ሜ. ብዙ የራቀች አይደለችም። ቫግነር መስመር ያሰመረበት አካባቢ ማለት ነው። እዚያ ላይ በሂትለርና በጄኔራሎቹ መካከል ወደ ሞስኮ ወይስ ወደ ኪየቭ የሚል ክርክር ተነሣ። ብዙ የታሪክ መጻሕፍት ሂትለር ቀጥታ ወደ ሞስኮ ቢሄድ ኖሮ ያሸንፍ ነበር ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። በመካከለኛውና በደቡቡ ቡድን መካከል በተፈጠረው ሰፊ ክፍተት ውስጥ ኪየቭ ዙሪያ አንድ ግዙፍ የሶቪየት ጦር ቆሞ ነበር። እሱን ጎን ትቶ ወደ ሞስኮ መሮጥ ጀርባን ለጠላት መስጠት ነው። ጥያቄው የሂትለር ምርጫ አልነበረም። ሁለቱንም ለማድረግ የሚበቃ ጦር አለመኖሩ ነው።

ሴፕቴምበር ላይ ኪየቭ ዙሪያ ከ600 ሺህ በላይ ወታደር ማረክን አሉ። በታሪክ ከታዩት ከበባዎች ትልቁ ነው። ግን ከድሉ ማግስት መኪናው፣ ፈረሱና ሰው ሁሉ የበለጠ ደክሞ ነበር፤ ሞስኮም እዚያው ነች።

■ ጭቃው ከብርዱ በፊት

የሞስኮ ጥቃት ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ተነሣ። በቪያዝማና በብሪያንስክ እንደገና በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወታደር ተከበበ። ከዚያ ዝናቡ መጣ።

ሩሲያውያን ይህን የጭቃ ወቅት «ራስፑቲትሳ» ይሉታል፤ መንገድ የሚጠፋበት ጊዜ እንደማለት ነው። በዋልካ አፈር ላይ ሐምሌ ውስጥ የሄደ ሰው ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። መኪና እስከ አክሱሉ ይሰምጣል። መድፍ የሚጎትት ፈረስ እዚያው ቆሞ ይሞታል። የወታደር ቦት ጫማ ጭቃው ውስጥ ይቀራል።

ኖቬምበር ላይ መሬቱ ሲደርቅና ሲጠጥር ጥቃቱ ቀጠለ። ብርዱም ገባ። የክረምት ልብስ ጉዳይ ብዙ ይወራል። ከልብሱ ብዙው ከኋላ፣ ፖላንድ ውስጥ በመጋዘን ነበር። የሚያመጣው ባቡር ጠፋ እንጂ! ያለው ጥቂት ባቡር ጥይትና ነዳጅ ወይስ ካፖርት ይጫን ሲባል ጥይትና ነዳጅ ተመረጠ። የጀርመን ባቡሮች የውኃ ቧንቧ ከውጭ ስለነበር በብርዱ ፈነዳ፤ አብዛኞቹ ከሥራ ውጭ ሆኑ። እንግዲህ «ብርዱ አሸነፋቸው» ሲባል ትርጉሙ ይኼ ነው። ብርዱ ያገኘው ርቀቱ አስቀድሞ የጨረሰውን ጦር ነው። እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ከ700 ሺህ በላይ ሰው ሞቶባቸዋል፣ ቆስሎባቸዋል ወይም ጠፍቶባቸዋል።

ኖቬምበር 27 ቀን ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጠ። በዚያው ሳምንት የጀርመን ታንኮች ወደ ሞስኮ ዳርቻ ቀርበው 30 ኪ.ሜ. ገደማ ቀርቷቸው ነበር። ከዚያ አላለፉም። ዲሴምበር 5 ቀን ቀይ ጦር መልሶ ማጥቃት ጀመረ።

ሂትለር ምን አደረገ? የምድር ጦሩን ዋና አዛዥ አሰናብቶ ሥልጣኑን ለራሱ ወሰደ። ወደኋላ እንመለስ ያሉ ስመ ጥር ጄኔራሎች ተሻሩ። ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ሲገኝ የተቀጡት ሒሳቡን የሚያስታውሱት ሆኑ።

■ ዕዳውን ማን ከፈለው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እስካሁን ስለ መኪናና ስለ ሐዲድ ሳወራ ጉዳዩ የመሐንዲስ ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። አይደለም።

ባቡሩ ጥይትና ነዳጅ ብቻ የሚጭን ከሆነ ወታደሩ ምን ይበላል? የጀርመን ባለሥልጣናት ለዚህ መልስ አዘጋጅተው ነበር። ጦሩ ከያዘው ምድር ይብላ። የአገሬው ሕዝብስ? ይራብ። ይህ በጦርነቱ ግርግር የተፈጠረ በደል አይደለም። ወረራው ሳይጀመር በሜይ 1941 በተደረገ ስብሰባ ላይ የሚያስፈልገንን ከዚያ አገር ስንወስድ ብዙ ሚሊዮን ሰው በረሀብ እንደሚያልቅ አያጠራጥርም ተብሎ በማስታወሻ ተይዟል። በቁጥር ያልሞላውን ስሌት በሰው ሕይወት ሞሉት።

በመጀመሪያ ያለቁት ምርኮኞች ናቸው። በጦርነቱ ዘመን ከተማረኩት 5.7 ሚሊዮን ገደማ የሶቪየት ወታደሮች ውስጥ ወደ 3.3 ሚሊዮን የሚሆኑት ሞተዋል። ብዙዎቹ በ1941 መጸውና ክረምት፣ በሽቦ በታጠረ ሜዳ ላይ ያለ መጠለያ፣ በረሀብና በበሽታ ነው ያለቁት።

ሌኒንግራድ ለ872 ቀን ተከበበች። በኖቬምበር 1941 መጨረሻ ለሕፃናት፣ ለአዛውንትና ለቢሮ ሠራተኛ የሚታደለው ዳቦ በቀን 125 ግራም ነበር፤ ያውም ዱቄቱ በሌላ ነገር የተደባለቀ። ላዶጋ ሐይቅ ሲረጋ በበረዶው ላይ በመኪና እህል ማስገባት ተጀመረ። የሕይወት መንገድ ይሉታል። ያም ሆኖ በከበባው ያለቀው ሲቪል ከ800 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል።

አይሁዶች ደግሞ ረሀብ እንኳ አልተጠበቀላቸውም። ከጦሩ ኋላ የሚከተሉ የገዳይ ቡድኖች ከተማ በተያዘ ቁጥር ይረሽኗቸው ነበር። ኪየቭ በተያዘች በአሥረኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 29 እና 30፣ ባቢ ያር በተባለው ገደል 33,771 አይሁዶች በሁለት ቀን ተገደሉ። ቁጥሩን እስከ አንድ ሰው ድረስ የምናውቀው ገዳዮቹ ራሳቸው በሪፖርት ስላስተላለፉት ነው።

■ ያልጠረጠረ ተመነጠረ

ስታሊንን ነጻ ለማውጣት አይደለም ይህን የምጽፈው። ወረራው እንደሚመጣ ከገዛ ሰላዮቹም ከእንግሊዝም ተነግሮት አላመነም። ኪየቭን ለቅቀን ጦሩን እናድን ያለውን ጄኔራል ዡኮቭን ከኤታማዦር ሹምነት አነሣው። ኪየቭም ጦሩም ጠፋ።

ይበልጥ የሚያስገርመው ከሞስኮው ድል በኋላ ያደረገው ነው። በጃንዋሪ 1942 ስታሊን ጀርመን አልቆላታል ብሎ በመላው ግንባር፣ ከሌኒንግራድ እስከ ክሪሚያ፣ በአንድ ጊዜ ይጠቃ አለ። ዡኮቭ ኃይላችን አይበቃም፣ አንድ ቦታ እናተኩር ብሎ ተቃወመ። አልተሰማም። ውጤቱ በርዜቭና በቪያዝማ አካባቢ የመቶ ሺዎች ደም ነው። በሜይ ደግሞ ካርኪቭ አጠገብ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ጠፋ። ሂትለር በጁን 1941 የሠራውን ስሕተት ስታሊን በጃንዋሪ 1942 ደገመው። በሽታው የአንድ ወገን ብቻ አይደለም ማለት ነው። ድል የቀመሰ ሁሉ ይይዘዋል።

■ ዶን ወንዝ ላይ የቆሙት ጣሊያኖች

በ1942 በጋ ጀርመን እንደገና አጠቃች። አሁን ግን በመላው ግንባር የሚሆን ኃይል ስለሌላት በደቡብ ብቻ ነበር፤ ዓላማው የካውካሰስ ነዳጅ ነው። መንገድ ላይ ሂትለር ጦሩን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ወደ ካውካሰስ ተራሮች፣ ሌላው ወደ ስታሊንግራድ። ግንባሩ በብዙ መቶ ኪ.ሜ. ተለጠጠ። በዶን ወንዝ ዳር ያለውን ረጅም ክንፍ የሚጠብቅ ጀርመናዊ ወታደር አልተረፈም። ስለዚህ ሮማኒያውያን፣ ሃንጋሪያውያንና ጣሊያኖች ተደረደሩ።

በዚህ ቦታ ላይ ታሪኩ እኛን ይነካል። ዶን ላይ የቆመው የጣሊያን ስምንተኛ ጦር 230 ሺህ ያህል ሰው ነበረው። አዛዡ ጄኔራል ኢታሎ ጋሪቦልዲ ይባላል። አገራችን በተወረረች ጊዜ ሳባውዳ የተባለውን ክፍለ ጦር ይዞ በሰሜን ግንባር የዘመተ፣ በኋላም በግራዚያኒ አገዛዝ ኤታማዦር ሹም የነበረ ሰው ነው። በ1936 አውሮፕላን፣ ታንክና የመርዝ ጋዝ ከነሱ ወገን ነበር። በ1942 መጨረሻ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የሩሲያን ታንክ የሚበሳ መድፍ የላቸውም፤ የተራራ ጦራቸው በበቅሎ ነው የሚጓጓዘው።

ኖቬምበር 19 ቀን ቀይ ጦር ሮማኒያውያኑን ሰብሮ ገባ፤ በአራት ቀን ውስጥ ስታሊንግራድ ያለው ጦር ተከበበ። ዲሴምበር 16 ቀን ተራው የጣሊያኖች ሆነ። በበረዶ ሜዳ ላይ በመቶ ኪ.ሜ. የሚቆጠር ሽሽት በእግር ሆነ። ከዘመቱት ውስጥ ወደ 80 ሺህ የሚሆኑት ሞተዋል ወይም የገቡበት ጠፍቷል። ይህን የምጽፈው «የእጃቸውን አገኙ» ለማለት አይደለም። አብዛኞቹ ሙሶሊኒ የላካቸው የድሃ ገበሬ ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ያዘዘው ጄኔራልና ዶን ላይ ያዘዘው ጄኔራል አንድ ሰው መሆኑ ግን ይታወስ። እሱ በሕይወት ተመልሷል።

ፓውሉስን ያዙልኝ ብዬ ነበር። በስታሊንግራድ ተከብቦ የቀረው የስድስተኛው ጦር አዛዥ እሱ ነው! በ1940 ኃይል አይበቃም የሚለውን ውጤት በገዛ እጁ ያገኘው ሰው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ስሌት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የአየር ኃይሉ አዛዥ ጎሪንግ በአውሮፕላን እናደርሳለን ብሎ ቃል ገባ። ለ250 ሺህ ለሚጠጋው ሰው ቢያንስ በቀን 300 ቶን ያስፈልጋል፤ የደረሰው በአማካይ መቶ ቶን ገደማ ነው። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1943 ሁሉም አበቃ። ከተማረኩት 91 ሺህ ገደማ ወታደሮች አገራቸው የተመለሱት ስድስት ሺህ አይሞሉም።

■ ሒሳብ የተማረው ወገን

ቀይ ጦር በመጨረሻ ያሸነፈው በሰው ብዛት ብቻ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሒሳቡን ስለተማረ ነው እላለሁ። ከስታሊንግራድ በኋላ በመላው ግንባር በአንድ ጊዜ ማጥቃት ቀረ። አንድ ቦታ ያጠቃል፤ ጀርመን ተጠባባቂዋን ወደዚያ ስታሮጥ ሌላ ቦታ ይነሣል። ስንቁ ሲያጥር ይቆማል። ግንባሩ መስፋቱ አሁን የጀርመን ራስ ምታት ሆነ። መኪናውም ተገኘ፤ አሜሪካ በጦርነቱ ዘመን ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ከባድ መኪናዎችና ጂፖች፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ የባቡር ሎኮሞቲቮችም ላከች።

የዚህ ትምህርት ማሳያ ጁን 23 ቀን 1944 የጀመረው የባግራቲዮን ዘመቻ ነው። ሶቪየቶች በደቡብ፣ ዩክሬን ላይ እንደሚያጠቁ አስመሰሉ። ጀርመኖች ታንካቸውን ወደዚያ አዞሩ። ምቱ ግን ቤላሩስ ላይ አረፈ። ከጥቃቱ በፊት ባሉት ሌሊቶች የሽምቅ ተዋጊዎች በሺህ በሚቆጠር ቦታ ሐዲድ አፈነዱ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የመካከለኛው የጦር ቡድን ፈረሰ። ሚንስክ ነጻ የወጣችው ጁላይ 3 ቀን ነው። ሃልደር «አልቋል» ብሎ ማስታወሻው ላይ ከጻፈበት ቀን ልክ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው።

እሱም ጦር ቢሆን ዋርሶ አጠገብ ቪስቱላ ወንዝ ላይ ቆመ። ፖለቲካም ነበረበት፤ ዋርሶ ውስጥ የተነሣው ሕዝብ ሲያልቅ ስታሊን እጁን አጣጥፎ አይቷል። ግን 500 ኪ.ሜ. በላይ የገሰገሰ ጦር ስንቁም አልቆ ነበር። ርቀት ወገን አይለይም።

በሜይ 1945 ሲያበቃ ሶቪየት ኅብረት 27 ሚሊዮን ያህል ሰው አጥታለች። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ወታደር አይደለም። ቤላሩስ ብቻ ከሕዝቧ ሩብ ያህሉን ቀብራለች።

■ ለእኛ

ይህን ሁሉ ያወጋኋችሁ የሩቅ አገር ታሪክ ስለሚጥም ብቻ አይደለም። በየዘመኑ፣ በየአገሩ፣ ጦርነት ሲጀመር የሚነገረው ዓረፍተ ነገር አንድ ስለሆነ ነው፦ «በጥቂት ሳምንት ይጠናቀቃል»። እኛም ጆሯችን ለዚህ ቃል እንግዳ አይደለም። ቃሉ ሲነገር የሚያጨበጭብ ብዙ ነው። ስንት መኪና አለ? እህሉ ከየት ይመጣል? ከዚያ ወዲያስ? ብሎ የሚጠይቅ ግን ፈሪ ይባላል፤ ሲብስም ከሃዲ።

የጀርመን ጦር ሒሳብ የሚያውቅ ሰው አልጎደለውም። ቫግነር ቆጥሯል፣ ፓውሉስ ፈትኗል፣ ቶማስ አስጠንቅቋል። የጎደለው ቁጥሩን ይዞ «አይሆንም» ብሎ የሚቆም ሰው ነው። ሦስቱም ቁጥሩን አቀረቡና ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ለዘመቻውም በትጋት ሠሩ። ለዚህም ነው እኔ ጥፋቱን ሁሉ ለሂትለር እብደት ሰጥቶ መገላገል የማይዋጥልኝ። እብድ አንድ ሰው ነው። ሦስት ሚሊዮን ወታደር ድንበር የሚያሻግሩት ጤነኛ፣ የተማሩ፣ ቁጥር የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ስሌቱ ሲጎድል ደግሞ ጉድለቱን የሚሞላው ያሰላው ሰው አይደለም። ከሽቦ ጀርባ የሚራበው ምርኮኛ፣ በ125 ግራም ዳቦ የምታድር እናት፣ በበረዶ ላይ በቅሎውን እየጎተተ የሚሞት የገበሬ ልጅ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው ካርታ ዘርግቶ «ነገሩ ቀላል ነው» ሲላችሁ፣ ስለ ጀግንነቱ አትጠይቁት። ስንቁን ያሰላው ሰው ማነው፣ ምንስ አለ፣ አሁንስ የት ነው ብላችሁ ጠይቁት።

ሐሳባችሁን ከታች አስፍሩ። ቸር ያሰማን።